ፎርማት ይደረግ

ኮምፒውተር በተንቀራፈፈ ቁጥር ሰፈራችን የሚያዝዘው መድኃኒት አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ!» ቫይረስ ቢገባም፣ ስክሪኑ ቢጠቁርም፣ ድምፅ እምቢ ቢልም ምክሩ ያው ነው። እኔም በወጣቶች ኅብረታችን «ኮምፒውተር ይችላል» ከሚባሉት አንዱ ስለሆንኩ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኩት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ይህንኑ ቃል መፍራት ስለጀመርኩበት ሌሊት ነው።

ላፕቶፑ የአባቴ ነው። ዴል ላቲቲዩድ ኢ6420 ይባላል፤ ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ ከባድ ማሽን ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። አባቴ አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ቢሮ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ በጡረታ የተሰናበተ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት እየተቀመጠ ስለ አቃቂ ይጽፍ ነበር። ስለ ድሮው ባቡር ጣቢያ፣ እንጀራ ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ ወደ ፋብሪካዎቹ ስለመጡት ሰዎች፣ ወንዙ ሲሞላ ስለሚሆነው ሁሉ ይጽፋል። የአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ፣ አባ ሳሙኤል፣ በዚሁ በእኛው ወንዝ ላይ መሠራቱን እኔ ያወቅሁት ከእሱ ነው። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ጽሑፉም ባለበት ቆመ። የተጻፈው ሁሉ የነበረው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ አልተገለበጠም።

ማሽኑ እየደከመ ሄደ። ተነሥቶ እስኪከፈት ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ ይደርሳል። በዚያ ላይ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ አይቀበልም። «እንግዲያው ያንኑ 10ን እንደ አዲስ ልጫንበት» አልኩ። አባቴ፣ «ጽሑፌን ብቻ አደራ» አለኝ።

«አታስብ አባዬ፤ ያንተ ዲ ላይ ነው። እኔ የምነካው ሲን ብቻ ነው።»

ቅዳሜ ማታ ፍላሹን ሰክቼ ጀመርኩ። ኤፍ 12ን ብጫን ፍላሹ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ባዮስ ውስጥ ገብቼ የማስነሻውን መንገድ ከሌጋሲ ወደ ዩኢኤፍአይ ቀየርኩት፤ ፍላሹ ታየ። ደስ አለኝ። የት ላይ እንዲጫን ስመርጥ ግን ማሽኑ እምቢ አለ። የእምቢታውን ምክንያት ከታች በአንድ መስመር ጽፎልኛል፤ ዲስኩ ኤምቢአር በሚባለው በድሮው አሠራር የተከፋፈለ ስለሆነና እኔ ደግሞ በአዲሱ መንገድ ስላስነሣሁት፣ ጂፒቲ በሚባለው አከፋፈል ካልሆነ አልጫንም ማለቱ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነበር። ወደ ሌጋሲ መልሼ ፍላሹን ለድሮው አሠራር እንደገና ባዘጋጀው ያልቅ ነበር።

እኔ ግን መስመሩን ጨርሼ አላነበብኩትም። «እምቢ» ማለቱን ብቻ ነው ያየሁት። አንዱን ክፍል ሰረዝኩ፤ እምቢ አለ። ሁለተኛውን ሰረዝኩ፤ አሁንም እምቢ አለ። በዚያ ገጽ ላይ ሲ እና ዲ የሚሉ ፊደሎች የሉም፤ የሚታየው ተራ ቁጥርና መጠን ብቻ ነው። ሦስተኛውንም ሰረዝኩት። አሁን እሺ አለ። በድል አድራጊነት «ቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ። ወደ 34 በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ።

ጨለማው ውስጥ ቁጭ ባልኩበት ነው የገባኝ። ሦስተኛው ዲ ነበር።

አባቴ ከመኝታ ክፍሉ ተጣራ፤ «መብራት ሄደ እንዴ? ጽሑፌ ምንም አልሆነም አይደል?»

«ምንም አልሆነም አባዬ» አልኩት።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ዲስኩን የሰረዝኩት በችኮላ ነው፤ ችኮላ ስሕተት ነው ሊባል ይችላል። ያቺን መልስ የመለስኩት ግን አውቄ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን፣ አባቴ ባየኝ ቁጥር ዓይኔን እሰብር ነበር። መብራቱ እንደ መጣ መጫኑን ልቀጥልና ማሽኑ ቢያንስ ደኅና እንዲመስል ላድርገው ብዬ አስቤ ነበር። ያን አለማድረጌ ኋላ እንደ ተረዳሁት ትልቅ ነገር ነበር፤ ያገደኝ ግን ፍርሃት እንጂ ጥበብ አልነበረም።

ማክሰኞ ማታ አልቻልኩም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም አለ። ዝምታው በጣም ረዘመብኝ። ከዚያ፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ብቻህን ተሸክመህ ነው የዋልከው?» አለኝ። ስለ ጽሑፉ አንድ ቃል አልጨመረም። ቆይቶ ነው፣ «በል፣ የሚያውቅ ሰው ፈልግ» ያለኝ።

በማግስቱ ላፕቶፑን አቅፌ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። ከኅብረታችን አንድ ወንድም እዚያ በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። የመጀመሪያ ጥያቄው፣ «ከዚያ በኋላ አብርተኸዋል? የጫንክበት ነገር አለ?» የሚል ነበር። እንዳልነካሁት ስነግረው ፊቱ ፈታ አለ። እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ ክፍልን መሰረዝ የመጽሐፍን ማውጫ እንደ መቅደድ ነው። ገጾቹ በየቦታቸው አሉ፤ የጠፋው የት እንዳሉ የሚናገረው ወረቀት ነው። ገጾቹ የሚጠፉት በላያቸው ላይ ሌላ ነገር ሲጻፍ ነው። የእኔ ጭነት የጻፈው በአመዛኙ ከዲስኩ መጀመሪያ፣ ሲ በነበረበት በኩል ነው፤ ዲ ደግሞ ከኋላ ነው።

ዲስኩን ፈትቶ በገመድ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። መጀመሪያ ያደረገው ዲስኩን እንዳለ በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ነበር፤ ፍለጋው የተካሄደው በቅጂው ላይ ነው። ሲገለብጥ ዲስኩ በየመሐሉ እየተሰናከለ አስቸገረው። የጤናውን መዝገብ ከፍቶ አሳየኝ፤ ዲስኩ ራሱ ታሟል። ወገኖቼ፣ ልብ በሉ! ማሽኑን ያንቀራፈፈው ያረጀ ዲስክ ነበር። ፎርማቱ ቢሳካልኝ እንኳ በሽታው እዚያው ነበረ።

ከዚያ ቴስትዲስክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አስነሣ። ፕሮግራሙ በዲስኩ ላይ እየዞረ የጠፉ ክፍሎችን አሻራ ይፈልጋል። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ የተባለው አደረጃጀት የመግቢያ መረጃውን ቅጂ በክፍሉ መጨረሻ ላይም ስለሚያስቀምጥ፣ መጀመሪያው ቢጠፋ እንኳ በመጨረሻው ሊገኝ ይችላል። ሰዓታት ፈጀ። በመጨረሻ የአባቴ ፋይሎች ስም በተርታ ወረደ፤ አቃቂ 1፣ አቃቂ 2፣ አቃቂ 3…

አንዱን ስንከፍተው ግን ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። አንድም የአማርኛ ቃል የለም። «ተበላሽቷል» ብዬ ራሴን ያዝኩ። ወንድሜ ግን፣ «አባትህ በምን ነበር የሚጽፉት?» አለኝ። ስልክ ደወልኩ። አባቴ ሳቀ፤ «በፓወር ግዕዝ ነዋ! ሲዲው ከራስጌዬ መሳቢያ ውስጥ አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የእኛን ፊደል የሚያሳዩት በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ተክተው ነበር፤ ብዙ ቢሮዎችም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዚያው ቀጥለዋል። ፎንቱ ካለ ፊደሉ ይነበባል፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ትርምስ ነው። የአባቴ ፎንት የነበረው ሲ ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ አጥፍቼዋለሁ። ሲዲውን ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ከፍተን ፎንቱን ወሰድን። ፋይሉን እንደገና ስንከፍት ሀ ሀን ሆነ፤ አባቴ አባቴን ሆነ። በኋላ ሁሉንም ወደ ዩኒኮድ ቀየርናቸው።

ወደ ላፕቶፑ ስመለስ፣ የታመመውን ዲስክ አውጥቼ ኤስኤስዲ አስገባሁበት። ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ከጀመረው ከሊኑክስ ቤተሰብ፣ ሚንት የሚባለውንና ለአቅመ ደካማ ማሽን የሚሆነውን መርጬ ጫንኩ። በዚህ ጊዜ ያወረድኩት ፋይል ሳይጎድል መድረሱን በመለያ ቁጥሩ አረጋገጥኩ፤ ገመዱንም መብራት ቢሄድ ለጊዜው ከሚያቆይ ዩፒኤስ ላይ ሰካሁት። የሚጻፍልኝን እያንዳንዱን መስመር እስከ ነጥቡ አነበብኩ። አቦል ሳይደርስ ይከፈታል አሁን።

እናንተም አሮጌ ማሽን ይዛችሁ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት ያላችሁን ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ዲ መሸሸጊያ አይደለም፣ ያው አንድ ዲስክ ነው። በሽታው ከፕሮግራሙ ይሁን ከዲስኩ አስመርምሩ። የጠፋ ነገር ካለ ደግሞ እጃችሁን አንሡና ዕለቱን ለሚያውቅ ሰው ንገሩ። ሦስት ቀን አትጠብቁ።

አንዳንዶቻችን ይህን ቃል በሕይወታችን ላይም እንጠቀምበታለን። አንድ ፈተና ስንወድቅ ትምህርቱን፣ አንድ ሰው ሲያስቀይመን ኅብረቱን፣ አንድ ጊዜ ስንሳሳት ራሳችንን «ፎርማት ላድርገው» እንላለን። እኔም እንዲያ ስል ነበር። አሁን ግን ከመሰረዜ በፊት ከታች የተጻፈችውን መስመር እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር እንቀመጣለን። አነብለታለሁ፤ ያርማል፤ ያልጨረሰውን ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ባቡር ጣቢያው ላይ ደርሰን አንድ አንቀጽ አልጣመውም።

«እሱን አጥፋው» አለኝ።

«ላጥፋው? እርግጠኛ ነህ አባዬ?»

እስኪያስለው ሳቀ።