የልጅ ሐኪም ስንመርጥ፦ ከሰው የምንሰማውና ከመዝገብ የምናየው

አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ የሕፃናት ሐኪም የሚፈልገው አዲስ አበባ እያለ እንደለመደው ሰው ጠይቆ ነው። ክርስትና ላይ ወይም በቴሌግራም ግሩፕ «ጥሩ የልጆች ሐኪም የምታውቁ?» ይባላል። «እገሊት ጋ ውሰጃት፣ እጇ መድኃኒት ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ ወዲያው ቀጠሮ ይያዛል።

ይህን ልማድ አልንቀውም። ሐኪሟ ታግሣ ታዳምጥ እንደሆነ፣ ልጅ ሌሊት ሲያተኩሰው ስልክ የሚያነሳ ሰው ይኑር አይኑር፣ ለጉንፋን ሁሉ አንቲባዮቲክ ታዝዝ እንደሆነ የሚነግራችሁ ጎረቤት እንጂ መዝገብ አይደለም። ጎረቤት የማያውቀው ግን አለ፦ ፈቃዷ የጸና መሆኑን፣ የቅጣት ውሳኔ ተላልፎባት እንደሆነ፣ የሕፃናት ሕክምናን በእርግጥ አጥንታ መጨረሷን። ልጅን የሚያህል ነገር ይዘን ይህን ሳናጣራ መሄዳችን ያሳስበኛል።

አገር ቤት ማጣራት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። በታፔላው ላይ «የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት» ተብሎ ከተጻፈ እሱ ይበቃል፤ «ስፔሻሊቲዎን የት ተማሩ?» ብሎ ዶክተርን መጠየቅ የብዙ እናት አፍ አይደፍረውም። ሆኖም እዚያም ቢሆን የሚጠየቅ ነገር አለ። የሕፃናት ስፔሻሊስት የሚሆነው ጠቅላላ ሐኪም ከሆነ በኋላ እንደ ጥቁር አንበሳ ባለ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሬዚደንት ሆኖ የተማረ ነው። ጤና ጣቢያ ልጁን የሚያየው ጤና መኮንን ወይም ነርስ ሊሆን ይችላል፤ የተለመዱ የልጅነት ሕመሞችን ለማከም ሠልጥነዋልና ነውር የለውም። የስፔሻሊስት ክፍያ ሲጠየቅ ግን ወንበሩ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ማወቅ የወላጅ መብት ነው። የሙያ ፈቃድ ደረጃው የሚጻፍበት፣ በየጊዜውም የሚታደስ ወረቀት ነው። አሳዩኝ ማለት ስድብ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ሐኪሙ ፊት ሳይቀርቡ፣ ከቤት ሆኖ፣ ያለ ክፍያ ማጣራት ይቻላል። የሚታዩት ወረቀቶች ሁለት ሲሆኑ ብዙዎቻችን አንድ ይመስሉናል። የመጀመሪያው የስቴቱ ፈቃድ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ የሜሪላንድ የሐኪሞች ቦርድ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የቨርጂኒያ የሕክምና ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በስም ይፈለጋል። ይህ ፈቃድ ሰውየው በሐኪምነት እንዲሠራ ይፈቅድለታል እንጂ የሕፃናት ስፔሻሊስት መሆኑን አይመሰክርም። ለዚያ ሁለተኛው ወረቀት አለ፦ በ1933 የተቋቋመው የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ቦርድ የሦስት ዓመት ሬዚደንሲ ጨርሰው ፈተናውን ላለፉ የሚሰጠው ማረጋገጫ። እሱም በቦርዱ ድረ ገጽ ይገኛል። በቅርቡ ተመርቆ ፈተናውን የሚጠብቅ ሐኪም ስሙ ላይኖር ስለሚችል፣ ስታጡት ከመፍረድ በፊት ቢሮውን ጠይቁ። የቅጣት ውሳኔ ካያችሁም ሰነዱን ከፍታችሁ አንብቡት። የተከታታይ ትምህርት ሰዓት ባለማሟላት የተጣለ መቀጮና በሽተኛን በመጉዳት የተላለፈ ውሳኔ አይገናኙም።

የእኛን ሰው ስትፈልጉ አንድ ችግር ይገጥማችኋል። እኛ ሐኪምን በራሷ ስም «ዶክተር ሄለን» እያልን እንጠራለን፤ መዝገቡ ግን የሚፈልገው በመጨረሻው ስም፣ በአባቷ ወይም በአያቷ ነው። «ሄለን» ብላችሁ ስታጧት ፈቃድ የላትም ማለት አይደለም። በዚያ ላይ «ፀሐይ»ም ሆነ «ወልደ ሚካኤል» በላቲን ፊደል ብዙ ዓይነት አጻጻፍ አላቸው። ቢሮው ደውላችሁ ሙሉ ስሟን ፊደል በፊደል አስነግሩ።

ይህን ሁሉ ከመውለዳችሁ በፊት ጨርሱት። ጤነኛ ሕፃን በተወለደ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ መታየት ስላለበት፣ አራስ ሆኖ ሐኪም ማፈላለግ ከባድ ነው። ቢሮው ኢንሹራንሳችሁን መቀበሉንና አዲስ ታካሚ መውሰዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሜዲኬይድ የተባለውን የመንግሥት ኢንሹራንስ የሚቀበል ቢሮ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። ታላቅ እህት ወይም ወንድም እንዲያስተረጉም አታድርጉ። ስለ ታናሹ ሕመም ክፉ ወሬ በልጅ አፍ መተላለፍ የለበትም።

ከአገር ቤት ልጅ ይዛችሁ ለመጣችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ የክትባት ካርዱ ብዙ ይናገራል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ፣ በ2014 የተወለደችው ልጅ በፈረንጆች 2014 የተከተበች ትመስላለች፤ ከመወለዷ ሰባት ስምንት ዓመት በፊት ማለት ነው። በ9 ወሯ የወሰደችው የኩፍኝ ክትባት ደግሞ እዚህ አይቆጠርላትም፤ ከ12 ወር በፊት የተሰጠ ስለሆነ እንደገና ትከተባለች። ስትወለድ የተሰጣት የቲቢ ክትባት እዚህ ለሁሉም ሕፃን ስለማይሰጥ፣ ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ የማያውቅ ሐኪም አለ። ካርዱን ከመስጠታችሁ በፊት ቀኖቹን አስልታችሁ በሌላ ወረቀት ጻፉ፤ ዋናውንም አብራችሁ ያዙ። ሐኪሟ ሁለቱን አመሳክራ፣ የጎደለውን ለይታ ለምን እንደሚደገም ካስረዳቻችሁ፣ ቀጣዩን ቀጠሮ እዚያው ያዙ።