ባዶ ወርዶ ጭኖ የሚወጣ፦ ከቃሊቲ እስከ ጋላፊ

ሳሎንዎ ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን ከየት ገዙት ቢባሉ መርካቶ ወይም ቦሌ ይሉ ይሆናል። መርካቶ ከመድረሱ በፊት ግን ዕቃው ረጅም መንገድ ተጉዟል። ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከፊሉን ቢጋራም፣ ዛሬም ትልቁን ሸክም የሚሸከመው በመንገድ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ነው። የዚህ መንገድ ዋነኛ በር ደግሞ ጋላፊ ነው።

በዚህ እትም ያንን መንገድ ተከትለን እስከ ድንበሩ እንወስድዎታለን። መንገዱን የምናየው ግን ጭነት በሚያቅድ ሰው ዓይን ነው። እንዲያ ሲያዩት የቤትዎ ዕቃ ዋጋ ለምን እንደሚንር፣ የመስመር ሹፌርም ለምን በቀጠሮው ቀን ቤቱ እንደማይገባ አብሮ ይገባዎታል።

ሲወርድ ባዶ፣ ሲወጣ ሙሉ

መነሻችን ቃሊቲ ነው፤ ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ ጉምሩኩ፣ ጎሚስታውና የመለዋወጫ ሱቁ የተሰባሰቡበት የአዲስ አበባ የኢንዱስትሪ ሰፈር። ባለተሳቢው እዚህ ጎማውን አስፈትሾ፣ ናፍጣውን ሞልቶ ወደ ሞጆና አዳማ ያቀናል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ አዳማ ሲደርስ ወደ 1,600 ሜትር፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርስ ወደ 1,000 ሜትር፣ ሰመራ ሲገባ ደግሞ ከ450 ሜትር በታች ይወርዳል።

የአቃጁ የመጀመሪያ ራስ ምታት እዚህ ላይ ነው። ወደ ውጭ ከምንልከው ይልቅ የምናስገባው በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙው መኪና ቁልቁለቱን ባዶውን ወይም ባዶ ኮንቴነር ይዞ ይወርድና፣ እስከ 400 ኩንታል ጭኖ ያንኑ ዳገት ይወጣል። የመውረጃውንም የመውጫውንም ናፍጣ የሚከፍለው ታዲያ ያው አንድ ጭነት ነው። ቡና፣ ሰሊጥ ወይም ቦሎቄ ይዞ የወረደ መኪና ዕድለኛ ነው፤ የደርሶ መልሱን ወጪ ሁለት ጭነቶች ይካፈሉታል። ለዚህ ነው ጥሩ አቃጅ «ምን ላምጣ?» ከማለቱ በፊት «ምን ይዤ ልውረድ?» ብሎ የሚጠይቀው።

ወቅትም አለው። ከክረምቱ በፊት የአፈር ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች ወደብ ሲደርሱ ብዙ መኪና ወደዚያ ይዞራል፤ ገበሬው የሚዘራበት ቀን አይጠብቅምና ማዳበሪያው ቅድሚያ ያገኛል። በዚያን ጊዜ ለሌላ ዕቃ መኪና ማግኘት ይከብዳል። ለአዲስ ቤት ዕቃ ወይም ለሱቅ ሸቀጥ የሚያስመጣ ሰው ይህን ከግምት ቢያስገባ ይጠቀማል።

ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ቀኑ

ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል እስከ ጅቡቲ ወደብ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው በሰዓት በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን እናስላ። 22 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በቀን ስምንት ሰዓት ቢነዳ ሦስት ቀን፣ ደርሶ መልሱ ስድስት ቀን ነው። በወረቀት ላይ እንግዲህ አንድ መኪና በወር አምስት ጊዜ ይመላለሳል።

ይህን ለጅቡቲ መስመር ሹፌር ቢነግሩት ይስቅብዎታል። በተግባር የምልልሱ ቁጥር ከዚያ በብዙ ያንሳል። ታዲያ የቀሩት ቀናት የት ገቡ? ወደብ ላይ ተራ ሲጠበቅ፣ ሰነድ እስኪሟላ ሲቆም፣ ሚዛን ላይ ሲሰለፍ፣ ጋላፊ ኬላ ሲዋል፣ ሚሌ ጉምሩክ ሲታደር፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ተደርሶ የሚያራግፍ ሰው ሲታጣ። መኪናው ሲቆም የባንክ ብድሩ አይቆምም፤ የሹፌሩና የረዳቱ ቀለብም አይቆምም። በጊዜው ያልተመለሰ ኮንቴነር ደግሞ በየቀኑ በውጭ ምንዛሪ ያስከፍላል። የዚህ ሁሉ ድምር መርካቶ ሲደርስ የዕቃው ዋጋ ውስጥ ይገባል።

እርስዎ የሚያስመጡት ዕቃ ካለ በእጅዎ ያለውን ያስተካክሉ። ሰነዱ መርከቡ ከመድረሱ በፊት ትራንዚተርዎ እጅ ይግባ። ዕቃው በቀጥታ መጋዘንዎ ድረስ የሚመጣ ከሆነ፣ መኪናው አዋሽ ሲደርስ ሹፌሩ እንዲደውልልዎ ይንገሩት፤ እርሱ እስኪመጣ ጫኝና አውራጅ ማዘጋጃ ጊዜ ይኖርዎታል። ቅዳሜ ከሰዓት ደርሶ እስከ ሰኞ ሸራው ሳይፈታ የሚቆም መኪና ሁለት ቀን ሙሉ ገንዘብ ሲያቃጥል ይሰነብታል።

ከአዋሽ ጋር ወደ ታች

አሁን ጉዞውን እንቀጥል። ከአዳማ ወለንጪትን አልፈው መተሐራ ሲደርሱ የፈንታሌ ተራራና በሰቃ ሐይቅ ይቀበሉዎታል። በሰቃ ለአሥርተ ዓመታት እየሰፋ የመጣ ጨዋማ ሐይቅ ሲሆን፣ መንገዱንም የባቡር ሐዲዱንም ሲያስቸግር ኖሯል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አስነስቷል። ይህ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ምድሩ ራሱ አርፎ አይቀመጥም። አቃጅም ስለዚህ «መንገዱ ደህና ነው?» የሚለውን ጥያቄ በየጉዞው እንደ አዲስ ይጠይቃል።

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በኋላ መንገዱ ወደ ሰሜን ይታጠፍና ወደ ገዋኔ ይወርዳል። የአዋሽ ወንዝም በዚያው አቅጣጫ ይፈሳል። ልዩነታቸው መጨረሻቸው ላይ ነው፤ ወንዙ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፣ መኪናው ግን ባሕሩ ድረስ ይዘልቃል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የፕሮሶፊስ ቁጥቋጦ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ሲወር ያያሉ። ግመሎችና ፍየሎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ደግሞ አርባ ቶን የተሸከመ መኪና ቶሎ መቆም እንደማይችል ያስታውሱ።

ሚሌ መገናኛ ናት። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል የሚወርደው መንገድ እዚህ አካባቢ ከዋናው ጋር ይገጥማል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ጭነት በዚሁ መስመር ወደ አሰብ ይጎርፍ ነበር፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ግን ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ከሚሌ ደቡብ ምዕራብ በ1967 ዓ.ም. ሉሲ የተገኘችበት ሀዳር ይገኛል።

በዚህ ምድር አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ባህል አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ ስለ ውኃው፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ። የመስመር ሹፌሮችም የራሳቸው ዳጉ አላቸው። ሎጊያ ለእራት ሲቆሙ ከወዲያ የመጣው ስንት መኪና ተሰልፎ እንዳየ፣ የት ጎማ እንደፈነዳ፣ የት መንገድ እንደተቆረጠ ለሚሄደው ይነግረዋል። ቢሮ ተቀምጦ ከሚሠራ ዕቅድ ይህ ወሬ ብዙ ጊዜ ይቀድማል።

ከሰመራ በኋላ ሰርዶና ዲችዮቶ ይከተላሉ። በክረምቱ ወራት እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አስፋልቱ ሲግል ጎማ ይፈነዳልና ብልህ ሹፌር ከባዱን ጉዞ ለማለዳው ያደርገዋል፤ ቀትር ላይ ከመኪናው ሥር ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ጋላፊ ሲደርሱ ዓይንዎን የሚይዘው ሰልፉ ነው። ወደቡ ከዚህ ገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል።

በቤት መኪና ለሚወጡ

ለቤተሰብ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመቻል። እስከ ድንበሩ መሄድ የግድ አይደለም። እስከ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደርሰው ፏፏቴውንና ሳላውን ለልጆችዎ ቢያሳዩ፣ የመንገዱን ጠባይ በሚገባ ያያሉ። ከመነሳትዎ በፊት የአካባቢውን የጸጥታና የመንገድ ሁኔታ ያጣሩ፤ ውኃና ትርፍ ጎማ ይያዙ።

ከባለተሳቢ ኋላ ሲሆኑ የሹፌሩን የጎን መስታወት ካላዩ እርሱም እርስዎን እንደማያይ ይወቁ። አስፋልት ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ወይም የተደረደረ ድንጋይ ካዩ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ ከፊትዎ የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። ዳገት ላይ እየተንፏቀቀ የሚያስጠብቅዎትን መኪና በክላክስ አያጣድፉት። ከወራጁ ይልቅ የሚወጣው ነው የሚከብደው፤ የጫነውም ለእኔና ለእርስዎ ቤት ነው።

በቤተሰብዎ የመስመር ሹፌር ካለ ደግሞ አንድ ምክር እናክል። ልጆቹ ለልደታቸው ቀን አባታቸውን ሲጠብቁ ቀኑን አይቁረጡላቸው፤ ኬላውና ወደቡ ቀን የሚቆርጡት ለእርሱም ሳይነግሩት ነው። የቆዩ የሹፌር ባለቤቶች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ስልኩ ሲነሳ «መቼ ትመጣለህ?» አይሉትም። «የት ደረስክ?» ነው የሚሉት። «ሚሌን አለፍኩ» ካለ ዶሮው ይገዛል።