ለጋሪያችን እግር ስንመርጥ



የማኅበራችን የአህያ ጋሪ ወሬ ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ከተዳረሰ ሰንብቷል። «ለአንዲት ጋሪ አንድ ወር ሙሉ መከራከር ምን የሚሉት ነው?» ያሉ አሉ። «ገንዘባችንን ብረት ላይ ጣሉት» ያሉም አልጠፉም። ገንዘቡ ከየቤቱ በመቶና በሁለት መቶ ሽልንግ የተለቀመ ስለ ሆነ፥ የተባለውንና የተወሰነውን በዚህች ገጽ ማስፈር የኛ የኮሚቴዎቹ ግዴታ ነው።

ክርክሩ ስለ ሣጥኑ አልነበረም፤ ሣጥኑን ማንም አናጢ ይሠራዋል። ክርክሩ ስለ እግሩ ነበር፤ ይኸውም ስለ ጎማው፥ ስለ አክስሉ፥ ስለ ኩሽኔታውና ይህን ሁሉ ከሣጥኑ ጋር ስለሚያያይዘው ብረት ማለታችን ነው።

ጋሪው ለምን እንደ ተፈለገ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እህል የሚታደልበት ቦታ ለጤነኛ ሰው የእግር መንገድ ነው፤ ጉልበቱ ላለቀበት ሰው ግን ሌላ አገር ነው። ቦዳቦዳ አለ፤ ነገር ግን ወገባቸውን የሚታመሙ እናት በሞተር ላይ ተፈናጥጠው በዚያ ጉድጓድ መንገድ እንዴት ይሄዳሉ? ስለዚህ እስከ ዛሬ አቅመ ደካሞቻችን የሚጓዙት በምኮኮቴኒ፥ ማለት ዕቃ በሚገፋበት ጋሪ፥ ከዱቄት ጆንያ ጋር ተጭነው ነው። አንዲት እናታችን «ልጆቼ፥ ከጆንያው በላይ አታስቀምጡኝ፤ የሚወድቀው ሁልጊዜ ከላይ ያለው ነው» ብለው አስቀውን ነበር። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

በዚህ መካከል ከካኩማ ተነሥቶ ሚኒሶታ የገባ የቀድሞ አባላችን ደብዳቤ ላከልን። በዚያ አገር በመጸው ወራት ገበሬዎች በተሳቢ ላይ ድርቆሽ አንጥፈው፥ በትራክተር እየጎተቱ፥ ቤተሰብን ከነልጆቹ በእርሻቸው ውስጥ ያዞራሉ፤ ሰዉም ለዚሁ ገንዘብ ይከፍላል። (ድርቆሽ ላይ ለመቀመጥ ገንዘብ! የኛ ሰው ስንቱን ዘመን በነፃ ተቀምጦበታል።) ቁም ነገሩ ግን ቀጥሎ የጻፈው ነው። ድርቆሽ በጫኑት ቦታ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ሰው ግን አንድ ነገር ባየ ቁጥር በአንድ ወገን ይነሣል። ስለዚህ ለሰው የሚሆን እግር ስንት ኩንታል ይችላል ተብሎ ብቻ አይመረጥም፤ ሸክሙ በድንገት ወደ አንድ ጎን ሲዞር ጸንቶ ይቆማል ወይ ተብሎም ይጠየቃል። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ የክርክራችን መልክ ተለወጠ።

እስከዚያ ድረስ በርትቶ የነበረው «ባለ አራት እግር ይሁን» የሚለው ወገን ነበር። አሥራ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲቆምም ያለ ድጋፍ ይቆማል። ነገር ግን አራት እግር ያለው ጋሪ መታጠፊያ ይፈልጋል፤ መታጠፊያውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ መኪና ነው፤ የፊቱ አክስል ባለበት ሆኖ ጎማዎቹ ብቻ ይዞራሉ። ይህ ይጸናል፤ ግን ለመዞር ሰፊ ቦታ ይጠይቃል፥ መገጣጠሚያውም ብዙ ነው። ሁለተኛው የፊቱ አክስል እንዳለ በመካከል ባለ አንድ ብረት ላይ የሚሽከረከርበት ነው። ለበያጅ ቀላሉ ይኸኛው ነው፤ በጠባብ ቦታም ይዞራል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ጥግ ድረስ ሲታጠፍ የፊቱ ጎማዎች ወደ ሣጥኑ ሥር ስለሚገቡ፥ በአራት ማዕዘን ቆሞ የነበረው ጋሪ በሦስት ማዕዘን እንደ ቆመ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰዉ በአንድ ጎን ቢነሣ መገልበጥ ነው። የሰፈራችንን ቅያስ ለሚያውቅ ሰው፥ ጥግ ድረስ ሳይታጠፉ ማለፍ እንደማይቻል መንገር አያስፈልግም። አሸዋውም አለ። ባዶውን እንኳ የሚከብድ ጋሪ አሸዋ ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው አህያ ሳይሆን ተሳፋሪው ነው።

በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት ላይ ጋሪ ይነዱ የነበሩ ጋሼ አሉን። እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ቆይተው «ሁለት እግር ይበቃል፤ ግን ሁለት እግር ሚዛን መሆኑን አትርሱ» አሉ። ነገሩን በመፋቂያቸው አሸዋ ላይ ሥለው አስረዱን። ሸክሙ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ማረፍ አለበት። በጣም ወደ ፊት ከሄደ የአህያዋን ጀርባ ይጫናል፤ ወደ ኋላ ከሄደ ደግሞ መሳቢያ ዘንጎቹ ወደ ላይ ተነሥተው በሆዷ በኩል ያንቋታል። አንድ ከባድ ሰው ከኋላ ሲሳፈር የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ መሳፈሪያው ከጎን፥ ከአክስሉ አጠገብ እንዲሆን፥ ጋሪው ሲቆምም ከፊትና ከኋላ የሚወርዱ ድጋፍ እግሮች እንዲኖሩት ተስማማን። ተሳፋሪ ስድስት ብቻ፤ ነጂው በእግሩ። ከአሥራ አምስት ወደ ስድስት መውረድ ያስቆጣቸው ነበሩ፤ ዛሬም የተቆጡ አሉ።

ቀጥሎ የትኛው አክስል የሚለው መጣ። ወጣቶቹ የሞተር ሳይክል ጎማ ርካሽ ነው፥ በየቦታውም ይገኛል አሉ። እውነት ነው። ዳሩ ግን ሞተር ሲታጠፍ ጋደል ስለሚል ክብደቱ በጎማው ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሽቦዎቹም ለዚያ የተወጠሩ ናቸው። ጋሪ ጋደል አይልም። በታጠፈ ቁጥር ሸክሙ ጎማውን ወደ ጎን ይገፋዋል፥ ቸርኬውም ውሎ አድሮ ይጣመማል። ለውሃ ጀሪካን ይሁን፤ ለእናቶቻችን አይሆንም ብለን አለፍነው።

ሁለተኛው የፒክ አፕ የኋላ አክስል ከነባሌስትራው ነበር። ማንም የማይሰብረው ብረት ነው። ክብደቱ ግን ገና ሣጥን ሳይጫንበት አህያዋን የሚያደክም ነው፤ የመካከሉ ዲፍረንሻል ደግሞ ለጋሪ ምንም ሥራ የለውም። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ፥ ሣጥኑም ከባሌስትራው በላይ ሲሆን መቀመጫው ከወገብ በላይ ይወጣል። እዚያ ላይ መውጣት የሚችል ሰውማ እህሉን በእግሩ ሄዶ ያመጣ ነበር።

ሦስተኛው ፕሮቦክስ የምትባለዋ የኬንያ ሁሉ ተሸካሚ መኪና የኋላ እግር ነው። ሞተሩ የሚያዞረው የፊት ጎማዎቿን ስለ ሆነ የኋላው ዲፍረንሻል የለውም፤ ሥራው መሸከም ብቻ ነው። ቀላል ነው፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከልም ሰፊ ቦታ ስላለው ሣጥኑን እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ዝቅ ያለና ሰፋ ያለ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይገለበጥም። ከሁሉ በላይ የወደድነው የእጅ ፍሬኑ ከነሽቦው ያለ መሆኑን ነው። ወደ ታራች ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት አስቡት። ፍሬን የሌለው ጋሪ አህያዋን ከኋላ ይገፋታል፤ እሷም ስትሮጥ ስድስት ሰው ይዛ ትሮጣለች።

ሻጩ (ስሙ ይቅር) ብረቱን ጥቁር ቀለም ቀብቶ አዲስ አስመስሎት ነበር። ጋሼ በሳንቲም ቀለሙን ፈቅፍቀው የተበየደ ስንጥቅ አሳዩትና «ልጄ፥ ይህን ለራስህ እናት ትሰጣለህ?» ቢሉት ሌላ አወጣ። ሁለተኛውን በድንጋይ ላይ አንሥተን ጎማውን አሽከርክረን ጆሮ ሰጠነው፤ የሚያጉረመርም ኩሽኔታ ያለቀ ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ወዘወዝነው፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ በኋላ አሸዋ ላይ ሃያ እርምጃ ያህል ጎተትነው። ቀጥ ያለ አክስል የጎማውን ጥርስ ጥርት አድርጎ ያትማል፤ የተጣመመ ግን አሸዋውን እየጠረገ ይሄዳል። የኛ አተመ።

የመጨረሻውና የከረረው ክርክር ስለ ዋጋው ሲሆን፥ በእውነቱ ስለ ዋጋው አልነበረም። አንድ ወጣት አባላችን «ይህ ብረት አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ይኖራል። እኛ አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ልንቀመጥ ነው? ለሁለት ዓመት የሚሆን ርካሽ ይግዛ» አለ። ማንም ቶሎ አልመለሰለትም። ይህ ካምፕ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ያን ጊዜም ጊዜያዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ካኩማና ዳዳብ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2022 ይዘጋሉ ተባለ፤ ቀኑ መጣ፥ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ስደተኛውንና የአካባቢውን ሰው አብሮ ለማኖር ሺሪካ የሚባል ዕቅድ ወጣ። ከነዚህ ቀኖች በየትኛው የአክስል ዕድሜ ይለካል? ቅድም ስለ ጆንያው የነገርናችሁ እናት ከወደ በሩ ሆነው «አንተ ሂድ፤ እግዚአብሔር ያውጣህ። እኔን ግን ሐኪም ቤት የሚያደርሰኝ ተዉልኝ» አሉት። እጅ ሲቆጠር ልጁም እጁን አወጣ። ለምን እንዳወጣ አልጠየቅነውም።

እንግዲህ እግሩ ተገዝቷል፤ ብየዳውም ተጀምሯል። በሬ የሚጠመድበት ቀንበር ለአህያ አይሆንም፤ ሻኛ ስለሌላት ያቆስላታል። ስለዚህ ከሸራ የተሰፋ ሰፊ የደረት ማሰሪያ ያስፈልገናል። ማቴንጌ የሚሉት እሾህ በየመንገዱ ስላለ፥ ካላማዳሪያውን ለመከላከል ከውስጥ የሚደረብ ያረጀ የጎማ ቁራጭም እንፈልጋለን። የዕንቁጣጣሽ ዕለት ልጆቹ ሁሉ በጋሪው እንዲዞሩ ተወስኗል፤ አብዛኞቹ ጋሪን የሚያውቁት ወላጆቻቸው ሲያወሩ ብቻ ነው። በስድስት በስድስት ይሆናል፤ ተራ ለማስያዝ የሚረዱን እኅቶች ከወዲሁ ይንገሩን።

ሸራ፥ አሮጌ ጎማ ወይም ግራሶ ያለው ሰው እስከ ቅዳሜ ለገንዘብ ያዣችን ያድርስልን። ግራሶ ጥቂትም ቢሆን እንቀበላለን።