ዋጋው ዜሮ!

ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ልጆች ሳለን ባትሪ ድንጋይ ሲደክም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። ሞቅ ሲል ቴፑ ነፍስ ይዘራና ግማሽ ዘፈን ያሰማናል፤ ከዚያ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ ሽማግሌ ሆኖ ያርፋል። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ካሴቱን በቴፕ ማጠንጠን ባትሪ መጨረስ ስለሆነ በእስክሪብቶ እናሽከረክረዋለን።

ጊታርማ ከየት ይምጣ? የዘይት ቆርቆሮ፣ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ከብስክሌት ፍሬን የተፈለቀቀ ሽቦ፤ በቃ፣ ጊታር ተባለ። ሁለቱ ክር ትዝታ ላይ ተቃኝቷል፤ ሦስተኛው የት እንዳለ እግዜር ይወቅ።

የልባችን ሕመም ግን ኪቦርድ ነበር። ካሴቱ ውስጥ ያ የሚያብረቀርቅ ድምፅ ሲመጣ አንዱ ጡሩምባ ነው ይላል፣ ሌላው ዋሽንት። ታላቅ ወንድሜ «ማሽን ነው፤ መብራት ይበላል» ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሲሠራ ባንዱ አኮርዲዮኑ፣ ሮድስ ፒያኖው፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ7 የተባሉት ሲንተሳይዘሮች ነበሩ። ካሴቱ በ2013 ለዓለም እንደገና ሲወጣ ሰውዬው ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ መንገደኛ እስኪያገኝ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዳል። ዲኤክስ7 በ1983 ገበያ ሲወጣ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ወገዳ ገበያ ላይ ስንት በሬ እንደሚሆን እናንተ አስሉት!

አሁንስ? አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዴክስድ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። የዲኤክስ7 ድምፅ አመንጪዎች፣ ስድስቱ ኦፕሬተሮች፣ እነሱን የሚያገናኙት 32ቱ አልጎሪዝሞች ሁሉም አሉ፤ ለድሮው ማሽን የተሠሩ የድምፅ ፋይሎች ሳይቀሩ ይከፈቱበታል። የመጀመሪያዋን ቁልፍ ስነካ እንዴት እንደጮህኩ! ጎረቤቶች ለቅሶ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ።

ቀጥሎ ጊታሪክስ መጣ። ሊኑክስ ላይ የሚሠራ የጊታር አምፕሊፋየር ነው፤ ዲስቶርሽኑ፣ ኤኮው፣ ዋህዋሁ ተደርድሮለታል። እኔ ግን የሰካሁበት ማሲንቆ ነው፤ ቆዳው ላይ ትንሽ ማይክ ለጥፌ። የፈረስ ጭራው በዲስቶርሽን ሲያልፍ፣ ወይ ጉድ! አንዲት ክር ናት ብትሉ የሚያምን የለም። መጀመሪያ ድምፁ ከእጄ እየዘገየ አበሳጭቶኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ድምፅን በሰኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ ልኬቱን በየጥቅሉ አጠራቅሞ ነው የሚያሠራው፤ ጥቅሉ 1,024 ልኬት ከሆነ 23 ሚሊሰኮንድ፣ 256 ከሆነ 6 ያህል ያስጠብቃል። ከዚያ ዝቅ ስታደርጉት አሮጌው ላፕቶፕ መንተባተብ ይጀምራል።

እውነቱን ለመናገር፣ የድሮ ኪቦርድ ካሴቶችን ብወድም ከበሮአቸው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነበር። ቅኝቱም በፈረንጅ 12 ቁልፍ ተጠርንፎ ቀረ፤ የማሲንቆ ጣት ደግሞ ቁልፎቹ መሀል ማረፍ ይወዳል፣ በተለይ አንቺሆዬ ላይ። ሰርጅ ኤክስቲ የሚባለው ነፃ ሲንተሳይዘር ግን የራሳችሁን ቅኝት በፋይል ጽፋችሁ እንድታስገቡ ይፈቅዳል። ይህን ያኔ ብናገኝ ኖሮ የሰርግ ቤቱ ጣሪያ ይነሣ ነበር!

ስማዳም ሁኑ ጋይንት ወይም እስቴ፣ ቤታችሁ አሮጌ ኮምፒውተር ካለ አትሽጡት። ሙዚቃ ማቀናበሪያ ነፃ ፕሮግራሙን ኤልኤምኤምኤስንና ዴክስድን በፍላሽ ለሰፈሩ ልጆች ገልብጡላቸው፤ ማንም አይከሳችሁም፣ ማባዛቱን የፕሮግራሞቹ ፈቃድ ራሱ ይፈቅዳል።