እንቅርትና ጨው

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ሳትሰሙ ያደጋችሁ አይመስለኝም። በችግር ላይ ሌላ ችግር ሲደረብ ይነገራል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል እንቅርትን በዐይኑ ያየ ስንት ይሆን? እኔ ተረቱን ከመስማቴ በፊት እንቅርቱን ዐውቀው ነበር። ተወልጄ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር፣ በመርጡለ ማርያም ነው። ጥር 21 ቀን፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ከየአቅጣጫው የመጣው ሕዝብ ንግሥት እሌኒ አሠራችው በሚባለው የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ወደ ላይ ቀና ስል የማየው የሴቶችን አንገት ነበር። በብዙዎቹ አንገት ላይ ሎሚ የሚያህል፣ በአንዳንዶቹም ላይ ከዚያ የሚበልጥ እብጠት ነበር። ሕፃን ነበርኩና፣ ሴት ልጅ ስታረጅ ፀጉሯ እንደሚሸብት ሁሉ አንገቷም ማበጡ የማይቀር ይመስለኝ ነበር።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እኅት፣ በወጣትነቷ «ንቅሳት እንቅርትን ያቆመዋል» ተብላ አንገቷን ዙሪያውን ተነቅሳ ነበር። እንቅርቱ ግን አልቆመም፤ ንቅሳቱም ከእብጠቱ ጋር ዐብሮ ሰፋ። ጠላ ስትጠጣ እብጠቱ በእያንዳንዱ ጕንጭ ከፍ ዝቅ ሲል እኛ ልጆች ተሰብስበን እናይ ነበር። ሌሊት ስትተኛ ደግሞ ትንፋሿ ያፏጫል። ይህ ሁሉ ለእኛ ጨዋታ ነበር። እርሷ ነጠላዋን እስከ አገጯ የምትጠቀለለው ስለ ብርድ እንዳልሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

በሰዋስው ትምህርታችሁ ስለ ባዕድ መድረሻ ተምራችኋል። «ሀብት» ከሚለው ስም «ሀብታም»፣ «ፍሬ» ከሚለው «ፍሬያም» ይወጣል። በዚሁ ሕግ «እንቅርት» ከሚለው ስም «እንቅርታም» ይወጣል። ሕጉ አንድ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው ቃል በሰው ፊት ሲነገር ስድብ ይሆናል። ሰዋስው ቃሉ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምረናል እንጂ በማን አንገት ላይ እንደሚወድቅ አይነግረንም።

አሁን የምተርክላችሁ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ነው። በ1978 ዓ.ም. በዚያው አገር ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟን አልጽፍም። ዕድሜዋ 14 ዓመት ገደማ ሲሆን ቁመቷ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያህል ነበር። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ትደርባለች። ፊቷ እብጥ ያለ፣ ቆዳዋ የደረቀ፣ ድምፅዋም የሻከረ ነበር። ጥያቄ ስጠይቃት መልሱ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ሌላውን ልጅ ጠይቄ ካለፍሁ በኋላ ነው። ከእረፍት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ራሷን በዴስኩ ላይ አስደግፋ ትተኛለች። እኔም ወጣት ነበርኩና፣ የማሠልጠኛው ምስክር ወረቀት ሁሉን የሚያሳውቅ ይመስለኝ ነበርና፣ «ሰነፍ» አልኋት። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በሰሌዳው ፊት አቁሜ በጓደኞቿ ፊት አንበረከክኋት።

በማግስቱ እናቷ መጣች። በበሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «አስተማሪ፣ ልጄ ሰነፍ አይደለችም። ምን እንደያዛት አላውቅም፤ ይበርዳታል፤ ሰውነቷ ይከብዳታል። ከታናሽ እኅቷ እኩል መሄድ እንኳ አቅቷታል» አለችኝ። ሴትዮዋ ስትናገር አንገቷ ላይ የነበረውን እንቅርት አየሁት፤ ነገር ግን ሁለቱን ነገሮች አላገናኘሁም። «ቶሎ ትተኛ፤ ማለዳ ፊቷን ትታጠብ» ብዬ መለስኋት። ልጅቱ ከዚያ ሳምንት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

በቀጣዩ ክረምት ለሥልጠና ሄድሁ። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ስለ ዕጢዎች ሲያስረዱ፣ በአንገት ላይ ያለችው ዕጢ ሥራዋን ስታጓድል በሰው ላይ የሚታየውን ምልክት በሰሌዳው ላይ ይጽፉ ጀመር። ብርድ አለመቻል። የቆዳ መድረቅ። የድምፅ መሻከር። የእድገት መገታት። የአሳብ መዘግየት። የእንቅልፍ መብዛት። እኔ በደብተሬ የምገለብጠው ከሰሌዳው ሳይሆን ከልጅቱ ላይ ይመስለኝ ነበር። እርሳሴን አስቀመጥሁ።

እስቲ አሁን ጣቶቻችሁን ከማንቁርታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ፣ በአየር ቧንቧው ፊት ለፊት አስቀምጡና ምራቃችሁን ዋጡ። ከፍ ብላ ዝቅ የምትለዋ ታይሮይድ የምትባለው ዕጢ በዚያ አለች። ክንፎቿን እንደ ዘረጋች ቢራቢሮ ናት፤ ክብደቷም በአዋቂ ሰው ላይ 20 ግራም ያህል ነው። ጤናማ ስትሆን በእጅ ብትዳሰስም ለዐይን አትታይም። ሥራዋ ታይሮክሲን የሚባለውንና መሰሉን ሆርሞን ሠርቶ በቀጥታ ወደ ደም መልቀቅ ነው።

ሆርሞን የሚለው ስም ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «መቀስቀስ፣ ማነሣሣት» ከሚል ግሥ ይወጣል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው እንግሊዛዊው ስታርሊንግ ነው። ሰውነታችን መልእክት የሚያስተላልፈው በሁለት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ነርቭ ነው፤ እርሱ በቃል ተልኮ ወደ አንድ ቤት እንደሚሮጥ መልእክተኛ ፈጣን ነው። ሁለተኛው ሆርሞን ነው፤ እርሱ በገበያ መካከል ነጋሪት ተጐስሞ እንደሚነገር ዐዋጅ ነው። ዐዋጁን ገበያተኛው ሁሉ ይሰማዋል፤ ተነሥቶ የሚሄደው ግን ዐዋጁ የሚመለከተው ብቻ ነው። ሆርሞንም በደም ተጭኖ ወደ ሰውነት ሁሉ ይደርሳል፤ የሚታዘዙት ግን እርሱን የሚቀበሉበት ያላቸው ሕዋሳት ብቻ ናቸው።

ዕጢዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ በምሽት ብቻችሁን ስትሄዱ ጅብ ቢጮህ፣ ልባችሁን የሚያስመታውና እግራችሁን የሚያበረታው ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ዕጢዎች የሚፈስሰው አድሬናሊን ነው። የበላችሁት እንጀራ ስኳር ሆኖ ደማችሁ ውስጥ ሲገባ፣ ወደ ሕዋሳት እንዲገባ በር የሚከፍትለት ኢንሱሊን ከቆሽት ይመጣል። በእናንተ ዕድሜ የወንዱ ድምፅ የሚጐረንነውና የሴቷ ሰውነት የሚለወጠውም በዚሁ በሆርሞን ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ልታፍሩበት አይገባም፤ እኛም በጊዜያችን ሳንጠይቅ አፍረንበት ቀርተናል።

ወደ ታይሮይድ ልመለስ። ይህች ዕጢ ብቻዋን አታዝም። ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለች፣ አተር የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ሌላ ዕጢ አለች። በመስኖ አገር ያደጋችሁ የውኃ አባትን ሥራ ታውቃላችሁ፤ ማሳው ሲደርቅ ቦዩን ይከፍታል፤ ሲጠግብ ይዘጋል። ፒቱታሪም እንዲሁ ናት። ታይሮክሲን በደም ውስጥ ሲያንስ ታይሮይድን «ሥሪ» የሚል ሆርሞን ትልክባታለች፤ ሲበቃ ትእዛዙን ትቀንሳለች። በዚህ ሁኔታ የሰውነት ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የምግብ ቃጠሎ፣ የልጅም እድገት በልኩ ይቆያል። ታይሮይድ ከልክ በላይ ብትሠራ ሰው ያለ ሥራ ያልበዋል፤ ልቡ ይቸኩላል፤ እየበላ ይከሳል።

ታይሮክሲን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ በእያንዳንዱ የታይሮክሲን ሞለኪል ውስጥ 4 የአዮዲን አቶሞች አሉ። አዮዲን ከታጣ ግን ሸማኔው ድርና ማግ ሳይሰጠው «ሥራ፣ ሥራ» እየተባለ ይጮኽበታል እንደ ማለት ነው። ታይሮይድ ትእዛዙን ለመፈጸም ራሷን ታሰፋለች፤ በደም ውስጥ የሚያልፈውን ጥቂት አዮዲን ሁሉ ለመያዝ ትተጋለች። እንቅርት ይህ ነው፤ ባዶ እጇን የምትሠራ ዕጢ ድካም። አክስቴ ስትጠጣ ከፍ ዝቅ ይል የነበረው፣ እኛም የሳቅንበት፣ ይኸው ነው።

አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም ሚሊዮን እጅ ተከፍሎ 150ው ብቻ ነው። ለ70 ዓመት ዕድሜ የሚበቃው ቢሰበሰብ 4 ግራም አይሞላም። ነፍሰ ጡር ሴት ግን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል፤ የፅንሱ አንጎል የሚታነጸው በእናቱ ታይሮክሲን ነውና። በዚያ ጊዜ የጐደለው በኋላ አይሞላም። በዓለም ላይ አስቀድሞ ሊከላከሉት ከሚቻለው የአንጎል ጕዳት ዋነኛው መንሥኤ የአዮዲን እጥረት መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። የዚያችን ልጅ እናት በበሩ ላይ ባየሁ ጊዜ ያላገናኘሁት ነገር ይህ ነበር።

ታዲያ ጥሩ ጤፍና ገብስ በሚበቅልበት አገር ይህ እጥረት ከወዴት መጣ ትሉ ይሆናል። አዮዲን ከባሕር ነው። በባሕር ውኃና በባሕር አረም ውስጥ ይገኛል፤ በደጋ አፈር ውስጥ የነበረውን ደግሞ ዝናብ በዘመናት ብዛት አጥቦ ወስዶታል። የመርጡለ ማርያም አገር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ዓባይም ጎጃምን በሦስት ወገን ከብቦ በየክረምቱ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ዓባይ የአፈራችንን ልብስ ይገፋል ሲባል እንሰማለን። ከልብሱ ጋር አዮዲኑንም ወስዷል። ከእንዲህ ያለ አፈር የበቀለ እህል ሆድ ቢያጠግብም ዕጢዋን አያጠግባትም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። ከባሕር የራቀው የስዊስ ተራራማ አገር በእንቅርት የታወቀ ነበር። ኩርቱዋ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1811 ከባሕር አረም ዐመድ አዮዲንን አገኘ፤ በ1820 ኳንዴ የተባለ የጄኔቫ ሐኪም እንቅርትን በአዮዲን ማከም ጀመረ። በጣም የሚደንቀኝ ግን ማሪንና ኪምባል የተባሉ ሐኪሞች ከ1917 ጀምሮ በአሜሪካን አገር በአክረን ከተማ ያደረጉት ነው፤ ምክንያቱም ጥናቱ የተደረገው በእናንተ ዕድሜ ባሉ ሴት ተማሪዎች ላይ ነው። አዮዲን ካልወሰዱት 2,305 ልጃገረዶች መካከል 495ቱ እንቅርት ሲያወጡ፣ ከወሰዱት ከ2,000 በላይ ልጃገረዶች መካከል ያወጡት 5 ብቻ ነበሩ። ስዊስ በ1922 አዮዲንን በጨው ውስጥ መጨመር ጀመረች። ጨው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሀብታምም ድኻም በየቀኑ ይበላዋል።

በአገራችን የጨው ታሪክ ረጅም ነው። ከአፋር በግመልና በአጋሰስ የሚመጣው አሞሌ በጎጃም ገበያ ገንዘብ እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ አዮዲን ግን አልተጨመረበትም። በኋላ ከአሰብና ከምፅዋ የሚመጣው ጨው አዮዲን ተጨምሮበት ይሠራጭ ጀመር። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ቦታውን የያዘው የአፍዴራ ጨው ያን ጊዜ አዮዲን አልነበረበትም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከሦስት ሴቶች ከአንዷ በላይ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በአገሪቱ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤቶች በ15ቱ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. በ89ኙ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ በጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩና በበቂ መጠን መኖሩ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ አዮዲን ፀሐይና እርጥበት ሲነካው ይጠፋልና።

ከክረምቱ ሥልጠና እንደተመለስሁ የልጅቱን ቤት ጠይቄ ሄጄ ነበር። ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤቶቿ እናትና ልጆች ወደ ሌላ ቀበሌ፣ ወደ ዘመዶቻቸው መሄዳቸውን ነገሩኝ፤ በሁለት ገበያ ቀን ፈልጌ አጣኋቸው። የያዛት የታይሮይድ ጕድለት መሆኑን ሐኪም አላረጋገጠም። እኔ ግን ሰነፍ ያልኋት ሕመምተኛ እንደ ነበረች አልጠራጠርም። ዛሬ ጕድለቱ ሲታወቅ ታይሮክሲን በእንክብል ይሰጣል፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ውድ ያልሆነ መድኃኒት ነው። እርሷን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ አንድ ሰው ብቻ ነበር ያስፈለጋት፤ ያም ሰው በየቀኑ ፊት ለፊቷ ይቆም ነበር።

ባለፈው ጥር ለበዓሉ ወደ መርጡለ ማርያም ወርጄ ነበር። በሕዝቡ መካከል ስቆም ዐይኔ እንደ ልጅነቴ አንገት አንገት ያያል። በወጣቶቹ ላይ እንደ ድሮው አላየሁም፤ በአሮጊቶቹ ላይ ግን አለ። ማታ ከታናሽ እኅቴ ቤት ገባሁ። ወጥ ስትሠራ አየኋት፤ በላዩ «አዮዲን ያለው» የሚል የተጻፈበትን የጨው ከረጢት ቀድዳ፣ ክዳን በሌለው ቅል ገልብጣ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው፤ ልክ እናታችን ታደርግ እንደ ነበረው።

«እሳቱ አዮዲኑን ያጠፋዋል፤ ክደኚውና ራቅ አድርጊው፤ ወጡም ሲወጣ ጨምሪው» አልኋት።

«ጋሼ ደግሞ! ጨውም እንደ ሰው ይታመማል?» ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆንም ክዳን ያለው ጣሳ ፈልጋ ጨውን ገለበጠችበት፤ ከመደርደሪያው ላይም አኖረችው። ቀጥላም፣ «ያቺ ተማሪህስ፣ ወሬዋን ሰማህ?» አለችኝ።

«አልሰማሁም» አልኋት።