የልጄ ካርዶችና የአባቴ ፈረስ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ካርድና ስለ ፈረስ ነው። ካርድ ስል ቁማር እንዳይመስላችሁ። እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው።

የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ነገሩ ሲሆን የመጀመሪያ ልጄ 12 ዓመቱ ነበር። ልጆች ያሏችሁ ወላጆች እነዚያን ካርዶች ሳታውቋቸው አትቀሩም፤ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ፎቶ የታተመባቸው፣ ከመዳፍ የማይበልጡ ወፈር ያሉ ወረቀቶች ናቸው። የተጫዋቹ ስም፣ ክለቡ፣ ጉልበቱና ፍጥነቱ በነጥብ ተጽፎባቸዋል። ልጆቹ ከሱቅ በእሽግ ይገዟቸዋል። የተደገመባቸውን ይዘው የጎደላቸውን ከጓደኛ ይለውጣሉ። አንዳንዴ ደግሞ መሬት ላይ ያስቀምጧቸውና በመዳፍ ይመቷቸዋል፤ የገለበጠ ይወስዳል። እኔ ልብ ብዬ ያየሁት ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነበር።

የልጄ ስብስብ ግን ከሰፈሩ ልጆች ለየት ይል ነበር። የባለቤቴ ወንድም ቺካጎ አካባቢ ይኖራል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላይ ልጆቹን ይዞ ሮዝሞንት በምትባል ከተማ ወደ ተካሄደ የካርድ ሰብሳቢዎች ጉባኤ ሄዶ ነበር። ይህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1980 በሎስ አንጀለስ የተጀመረ ሲሆን፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ በዓመት አንድ ጊዜ ይደረጋል። አጎቱ በስልክ ሲያጫውተው ልጄ አፉን ከፍቶ ይሰማ ነበር። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር በጠረጴዛ ተሞልቷል፤ በየጠረጴዛው ላይ ካርድ ነው። ሽማግሌው ከአሥር ዓመት ልጅ ጋር ተቀምጦ ይከራከራል። አንዱ ማጉያ መነጽር አውጥቶ የካርዱን ማዕዘን ይመረምራል። ማዕዘኑ ያልታጠፈ፣ ፊቱ ያልተጫጫረ፣ ሥዕሉ መሐል ለመሐል የተቀመጠ እንደ ሆነ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡታል። አጎቱ ከዚያ ጉባኤ የገዛቸውን 9 ካርዶች እያንዳንዳቸውን በላስቲክ ጠቅልሎ በሰው ላከለት።

«ለወረቀት ይህን ያህል?» ብዬ ስቄ ነበር። ቆየት ብሎ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም.፣ ሚኪ ማንትል የተባለ የቤዝቦል ተጫዋች ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመ አንድ ካርድ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ መሸጡን ሲነግረኝ ደግሞ «እግዚኦ፣ የሰው ልጅ አበደ!» አልኩ። አሁንም ዋጋው አይዋጥልኝም።

ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በኳታር የዓለም ዋንጫ አርጀንቲና ፈረንሳይን በፍጹም ቅጣት ምት ስታሸንፍ ሰፈሩ በጩኸት ተናወጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ከሜሲ ካርድ በቀር ወሬ ጠፋ። በሁለት ሳምንቱ የሒሳብ ፈተና ውጤቱ መጣ፤ ወርዷል። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ከልጆች ጋር ተንበርክኮ በመዳፉ መሬት ሲመታ አገኘሁት። አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም። ከአልጋው ሥር የጫማ ካርቶኑን አወጣሁ፤ ቡና የተፈላበት የከሰል ማንደጃ እሳቱ ገና አልጠፋም ነበር፤ እፍኝ እፍኝ እያደረግሁ ጨመርኩት። 216 ነበሩ፤ ቁጥሩን ያወቅሁት በኋላ ነው። ላስቲኩ ሲቀልጥ መጥፎ ሽታ አለው። ልጄ በሩን ተደግፎ ቆሞ አየኝ። አላለቀሰም።

ባለቤቴ «ብትጠይቀው ምን ነበረበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ወር ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያናችን ወላጆችን አስተምር ነበር፤ የሳምንቱም ክፍል ኤፌሶን 6፥4 ነበር። ክፍሉን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማስታወሻዬን ይዤ ቆምኩ፤ እንዴት እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ልጄ ለምጠይቀው ሁሉ «እሺ» ሆነ መልሱ። ውኃ አምጣ፣ እሺ። አጥና፣ እሺ። እንጸልይ፣ እሺ። ወላጅ የሆናችሁ ይህ ዓይነቱ «እሺ» ከስድብ እንደሚከብድ ትረዱኛላችሁ።

አጎቱ ሲደውል እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ይልቅ ታሪክ ነገረኝ። ያን በ12.6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠውን ካርድ ያሳተመው ቶፕስ የተባለው ኩባንያ ነው። ከ1952ቱ ካርዶች ሳይሸጡ የቀሩት መጋዘን ስላጣበቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በጀልባ ተጭነው ባሕር ውስጥ ተጣሉ። ይህን የተናገረው ካርዶቹን ያዘጋጀው የኩባንያው ሰው፣ ሳይ በርገር ራሱ ነው። «እዚህ አገር ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ፣ እናቴ ካርዶቼን ጣለችብኝ የማይል የለም» አለኝ። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያሰብኩት ስለ ገንዘቡ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከእንጅባራ ደወሉ። «ዘንድሮስ ለጥር 23 ትመጣለህ?» አሉኝ። በየዓመቱ ይጠይቁኛል፤ በየዓመቱ ሥራ አለብኝ እላለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ጥር 23 በእንጅባራ የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዓድዋ፣ በኋላም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከጌቶቻቸው ጋር የዘመቱትንና የወደቁትን ፈረሶች ለማሰብ። በእኛ አገር ፈረስ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቀብርም ይወጣል። አባቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የማኅበሩ አባል ናቸው። እኔ ጌታን የተቀበልኩት በ1988 ዓ.ም. በ19 ዓመቴ ነው። በዚያው ዓመት አባቴ ለእኔ ብለው አዲስ ኮርቻ አሠርተው ነበር። በዓሉ በጊዮርጊስ ቀን ስለሚውል፣ ድግሱም መጠጥ ስለማያጣው «እኔ ከእንግዲህ ከዚህ ነገር የለሁበትም» አልኳቸው። ማለት የነበረብኝን አለማለቴ አይደለም የሚቆጨኝ፤ ፊቴን አዙሬ፣ ኮርቻውን እንኳ ሳልነካ መውጣቴ ነው። አባቴም ምንም አላሉኝም።

ዘንድሮ ግን «እንመጣለን፤ ልጁንም ይዤ» አልኳቸው። ስልኩ ውስጥ ዝም አሉ። ከዚያ «ብርዱ ከባድ ነው፤ ጋቢ ያዝለት» ብለው ዘጉት።

ጥር 22 ቀን በሚኒባስ ተነሣን። መራዊ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ አዲስ ቅዳም፤ ልጄ መስኮቱን ተደግፎ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ደረስን። በነጋታው ማለዳ ከሁሉም ወረዳ ፈረሰኛው ወደ ስታዲየሙ ይጎርፍ ጀመር፤ ከባንጃ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከጓጉሳ፣ ከአንከሻ። ያ ዓመት 83ኛው በዓል ነበር። ፈረሶቹ ግላስ ለብሰዋል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ጥለት ከአንገታቸው ይወርዳል። በብርዱ ከአፍንጫቸው የሚወጣው ትንፋሽ እንደ ጢስ ይታያል። ልጄ ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፎ ጣለ።

ጉግሱን ላላያችሁ ልንገራችሁ። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ዘንጉን ይዞ ያሳድዳል፤ ሌላው በፈረስ አንገት ላይ ተኝቶ ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይሸሻል። ዘንጉ ጋሻውን ሲመታው ድምፁ እስከ ዳር ይሰማል። ወዲያው ይገላበጣሉ፤ አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። አባቴ በዚያ ዕድሜያቸው ጉግስ አይገቡም፤ ስግሪያውን ብቻ ጋለቡ፣ ቀጥ ብለው፣ ልጓሙን በሁለት ጣት ይዘው። እንደዚያ ሲቀመጡ ያየሁት ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለልጄ ግን አቧራ ነው አልኩት።

ለእኔ ከጉግሱ ይልቅ የሚታየው ነገር የነበረው ከስታዲየሙ ውጪ ነው። ሽማግሌዎች ፈረስ ለፈረስ እየዞሩ ከንፈር ገልጠው ጥርስ ያያሉ፤ ሰኮና አንሥተው ይመረምራሉ፤ ካስረገጡ በኋላ ይከራከራሉ። ልጄ ከአባቴ ኋላ ኋላ እየተከተለ ቆይቶ በድንገት «አባባ፣ ከስንት ነጥብ ነው የሚሰጡት?» አላቸው። ከወር በኋላ «እሺ» ያልሆነ ነገር ከአፉ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው።

አባቴ ነጥብ የሚለው አልገባቸውም። ልጁም ሊያስረዳቸው ፈለገና ከሱሪው የኋላ ኪስ የደብተር ሉክ አወጣ። በሉኩ ውስጥ ሦስት ካርዶች ነበሩ። ያን ቀን ኪሱ ውስጥ ስለነበሩ ከእሳቱ ተርፈዋል ማለት ነው። አባቴ መነጽራቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ፤ ካርዱን ወደ ፀሐይ አቅንተው ከፊትም ከኋላም አዩት፣ ልክ የፈረስ ጥርስ እንዳዩት ሁሉ። «ይህ ሰውዬ ሩጫው ደህና ነው?» አሉ። ልጄ ስለ ሜሲ ያወራ ጀመር። ስለ ኳታር፣ ስለ ፍጹም ቅጣት ምቱ፣ አሜሪካ ስላለው ጉባኤ፣ ስለ አጎቱ። አባቴ ሁሉንም ሰሙ።

«የቀሩትስ የት አሉ?» አሉት።

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ አያቱ ዞሮ «ጠፉብኝ» አላቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ልጄ እንዳይዋሽ ከትንሽነቱ ጀምሬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በአባቴ ፊት እንዳላፍር ብሎ እኔን ሸፈነኝ። በ19 ዓመቴ ያደረግሁትን የሚያስታውሱ አባት በአንድ በኩል፣ የሚሸፍነኝ ልጅ በሌላ በኩል፣ እኔ መሐል ቆሜ መሬት መሬት አየሁ።

«አልጠፉም አባዬ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያቃጠልኳቸው። ሳልጠይቀው ነው ያቃጠልኳቸው።» ለልጄም «ይቅር በለኝ» አልኩት፤ እዚያው፣ ፈረስ እያናፋ፣ ሰው እየገፋን። ሌላ ጊዜ እቤት ተንበርክኬ፣ ቃል መርጬ ልለው አስቤ ነበር። ሳይሆን ቀረ። ልጄ «እሺ» አለ፤ ግን ይህኛው «እሺ» ሌላ ነበር።

አባቴ አልፈረዱብኝም፤ አልመከሩኝምም። ልጁን በእጁ ያዙና «ና ቤት እንሂድ፤ የማሳይህ አለ» አሉት።

ቤት ስንደርስ ከጓዳ አንድ ኮርቻ አወጡ። ወዲያው አወቅሁት። ቆዳው አልደረቀም፤ አልተሰነጠቀም። 27 ዓመት ሙሉ ቅቤ ሲቀቡት ኖረዋል። «ያንተ ነው» አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ «አንተ ባትቀመጥበት እሱ ይቀመጥበታል» ብለው ልጁን ፈረሱ ላይ አወጡት። እርካቡ ረዝሞበት እግሩ አልደረሰም። በግቢው ዙሪያ ልጓሙን ይዤ የጎተትኩት እኔ ነኝ።

ማታ እሳት ዳር ድንች እየበላን አባቴ የፈረስ ስም ይነግሩት ጀመር። በድሮ ጊዜ ትልቅ ሰው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። ልጄ በደብተሩ ጻፋቸው። «አንድ የጎደለ አለ?» ይላል ቶሎ ቶሎ። አባቴ ያስቡና ራስ ጎበናን ይጨምሩለታል፤ አባ ጥጉ።

ባሕር ዳር ከተመለስን በኋላ ልጄ የብስኩት ካርቶን እየቆረጠ፣ በእስክሪብቶና በቀለም እየሣለ የራሱን ካርዶች መሥራት ጀመረ። እያንዳንዱ ላይ ፈረስና ፈረሰኛ፣ ከሥሩ ጉልበት፣ ፍጥነት፣ ጀግንነት፣ ከ100 ነጥብ። ባልቻ በጀግንነት 99 አለው፤ ለምን 100 አልሆነም ብለው የሰፈር ልጆች ተጣልተውበታል። የአጎቱ ልጆች ሦስቱን በሜሲ ሊለውጡት ጠይቀው እንቢ አለ። ለአያቱም ሠርቶላቸው ካርዱን በመንገደኛ ላክንላቸው።

በሳምንቱ ስልክ ጮኸ። ሰላምታም ሳያስቀድሙ ነው የጀመሩት።

«ያን ልጅ ስጠኝ! የእኔን ፍጥነት 70 ብሎ የጻፈው ማነው?»

ልጄ ስልኩን ተቀበለና እየሳቀ «አባባ፣ በሚቀጥለው ጥር ጉግስ ከገቡ እጨምርልዎታለሁ» አላቸው።