የኩሊን መንገድ መሪዎች

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። እዚያ ያደገ ሰው በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ያለችው የስካይ ደሴት ትልቁ ጫፍ 992 ሜትር ብቻ መሆኑን ሲሰማ «ታዲያ ይሄ ምኑ ተራራ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ኩሊን የተባሉትን ተራሮች ከሥራቸው ቆሞ ያየ ግን እንዲህ አይልም። የእኛ ደገኛ ተራራ ሊወጣ ሲነሳ መሬቱ ራሱ አስቀድሞ ከግማሽ በላይ አድርሶታል። በስካይ ዳገቱ የሚጀምረው ማዕበል ከሚመታው ድንጋይ ነው። ከባሕሩ ዳር ተነስቶ፣ ረግረጉን ተሻግሮ፣ ቋጥኙን በእጅ እየቧጠጡ ጫፍ ለመድረስ እያንዳንዷ ሜትር የራስን ጉልበት ትጠይቃለች።

ኩሊን ከሞተ እሳተ ገሞራ ሥር የቀረ አለት ነው። ከ60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ሳይወጣ የቀዘቀዘው ቅልጥ አለት ጋብሮ የሚባል ሻካራ ድንጋይ ሆነ። ኋላ የበረዶ ግግር ከግራና ከቀኝ እየፋቀው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ ሸንተረር አስቀረ። ጋብሮ ጫማን አጥብቆ ይይዛል፤ የጣትን ቆዳ ግን ይልጣል። በመሀሉ ሰርጎ የገባው ባሳልት ደግሞ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ደሴቲቱ ዝናብ የማይለያት ሆና ሳለ ሸንተረሩ ላይ የሚጠጣ ውኃ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ተሸክሞ መውጣት ግድ ነው። ከሁሉም የሚከፋው አለቱ መግነጢስ ስላለው ኮምፓስን ማሳሳቱ ነው። ከአትላንቲክ የመጣ ጭጋግ ሸንተረሩን ሲሸፍን ዓይንም መሣሪያም አያስተማምኑም። የሚያስተማምነው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የዛሬው ጨዋታዬም ስለዚያ ሰው ነው።

በ1836 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጄምስ ፎርብስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ስጉር ናን ጊሊያን የሚባለውን ጫፍ ወጣ። በታሪክ መጀመሪያው እሱ ነው። አጠገቡ ግን ዳንካን ማኪንታየር ነበር፤ የአገሩ ሰው፣ ያንኑ ጫፍ ከዚያ በፊት ደጋግሞ የሞከረ፣ የትኛው ጎን እንደሚያስወጣና የትኛው ገደል ላይ እንደሚያቆም በእግሩ ያጠና። በ1873 ደግሞ አሌክሳንደር ኒኮልሰን ትልቁን ጫፍ ወጣ፤ ጫፉም በጌሊክ ስሙ ስጉር አላስደር ተባለ። አብሮት የወጣው ማክሬ የተባለ እረኛ ነበር። በእረኛው ስም የተጠራ ጫፍ የለም። ይህን የምለው ኒኮልሰንን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም ከተራራ ወጪዎቹ ሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያትም አለኝ።

ኒኮልሰን የስካይ ልጅ ነበር፤ የጌሊክ ሊቅና ዳኛ። በእሱ ዘመን የደሴቲቱ ገበሬ የባላባት ጭሰኛ ነው። ኪራዩን እየከፈለ እንኳ በማግሥቱ ከመሬቱ ሊነቀል ይችላል፤ ብዙ ቤተሰቦች ለበግ እርባታ ሲባል ከቀዬአቸው ተባረው ባሕር ተሻግረዋል። «ጭሰኛ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በ1882 ብሬይስ በተባለው ቀበሌ ያሉ ጭሰኞች ቤን ሊ የተባለው የግጦሽ ተራራቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ እምቢ ሲባሉ ኪራይ አንከፍልም አሉ። ሰዎቹን ለማሰር ከግላስጎው ፖሊስ ሲመጣ ወንዱም ሴቱም ድንጋይና ዱላ ይዞ ገጠመው። በ1883 መንግሥት የጭሰኞቹን አቤቱታ የሚሰማ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ ይኸው ኒኮልሰን ነበር። በ1886 የወጣው ሕግ ጭሰኛው ኪራዩን እስከ ከፈለ ድረስ ከመሬቱ እንዳይነቀል አደረገ። ቤን ሊ ከኩሊን ሰሜናዊ ጫፍ ፊት ለፊት ነው ያለው፤ ተራራ ወጪዎች ከሚያርፉበት ከስሊጋቻን ቀና ሲሉ ይታያል። ለከተሜው ውበት የሆነው አቀበት ለጎረቤቱ የላም ሣር መሆኑን ሳያስቡ በዚያ ማለፍ ለእኔ ጎዶሎ ጉዞ ነው።

በዚያው በ1886 ኖርማን ኮሊ የተባለ ወጣት ኬሚስት ዓሣ ሊያጠምድ ስሊጋቻን መጣ። ሰዎች በገመድ ቋጥኝ ሲወጡ ቢያይ ዓሣውን ተወ፤ በቴሌግራም ገመድ አስመጣ። ሞከረ፣ አልሆነለትም። ጆን ማኬንዚን ጠየቀው፤ ማኬንዚም መውጫውን ነገረው። ማኬንዚ የተወለደው እዚያው አጠገብ በስኮንሰር ነው፤ ስጉር ናን ጊሊያንን በአሥር ዓመቱ ወጥቶታል ይባላል። በብሪታንያ መንገድ መሪነትን ሙያው አድርጎ የኖረ የመጀመሪያው የአገር ተወላጅ ተብሎ የሚቆጠረውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልተለያዩም። ኮሊ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1895 በሂማላያ ናንጋ ፓርባት ላይ የጉዞ ጓደኛውን ማመሪን አጣ፤ በካናዳ ተራሮች ዞረ። በየጊዜው ግን ወደ ማኬንዚ ይመለሳል። በ1899 ኮሊ በኩሊን አንድ ትልቅ የገደል ግድግዳ ላይ ጥላ ሲወድቅ አየ፤ ከግድግዳው ተነጥሎ የወጣ ቋጥኝ እንዳለ የነገረው ያ ጥላ ነው። ቋጥኙ ላይ በ1906 አብረው ወጡ፤ ማኬንዚ ያኔ 50 ዓመት ገደማው ነበር። አንዱ በሳይንስ የሠለጠነ ዓይን ነበረው፣ ሌላው የአገሩን አለት ከልጅነቱ የሚያውቅ እግር፤ ያ መውጫ ከሁለት አንዱ ቢጎድል የሚገኝ አይመስለኝም።

ማኬንዚ በ1933 ሲሞት የመታሰቢያ ጽሑፉን የጻፈው ኮሊ ነው። ኮሊ ራሱ በ1942 ሲሞት ስትሩዋን በተባለው መቃብር ከማኬንዚ ጎን ተቀበረ። ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ይገናኛል እንላለን፤ እነዚህ ሁለቱ በተራራም ተገናኝተዋል፤ በማኬንዚና በኮሊ ስም የተጠሩት ጫፎች ብዙም ሳይራራቁ በአንድ ሸንተረር ላይ ናቸው። በ2020 በስሊጋቻን የቆመላቸው ሐውልትም የሁለቱ በአንድ ላይ ነው። ለማክሬ ያልተደረገው ለማኬንዚ ተደረገለት።

የተራራው ባለቤትነት ነገር ግን በ1886ቱ ሕግ አላበቃም። በ2000 የማክሊዮድ ጎሳ አለቃ የቤተ መንግሥቱን ጣሪያ ለማሳደስ ብሎ ኩሊንን በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ለገበያ አቀረበው። «በየትኛው ውል የአንተ ሆነ?» የሚል ቁጣ ተነሳ፤ ክርክሩ ከረረና ሽያጩ ቀረ። በ2003 የወጣው የስኮትላንድ ሕግ ደግሞ ማንም ሰው ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ ማንንም ሳያስፈቅድ በተራራው እንዲሄድና ድንኳን ተክሎ እንዲያድር መብት ሰጠው። ከ1882ቱ የግጦሽ ጥያቄ እስከዚህ ሕግ ድረስ ያለው ሁሉ አንድ ክር ሆኖ ይታየኛል።

ወደ መንገድ መሪዎቹ ልመለስ። የስኮትላንድን ከ914 ሜትር በላይ የሆኑ ተራሮች በ1891 ዘርዝሮ ያሳተመው ሂው ማንሮ ነው፤ ዝርዝሩ ዛሬ 282 ጫፎች አሉት። ሁሉንም እጨርሳለሁ ብሎ የተነሳ ሰው በኩሊን አንዲት ቀጭን፣ ከሁለት ጎኗ ገደል የሆነ የድንጋይ ስለት ይጠብቀዋል፤ ያለ ገመድ ልምድ የማትደፈር። ማንሮ እሷን ሳይወጣ በ1919 ሞተ። ዛሬ ዝርዝሩን የሚጨርሱ ብዙ እግረኞች እዚያች ስለት ላይ የሚደርሱት በስካይ ከሚሠራ መንገድ መሪ ጋር በአንድ ገመድ ታስረው ነው።